ሸራው መቼ ይነሳል?

በዚህ ወር ዓምዳችን ስለ ሽፋን እንነጋገራለን። ስለ ልብስ አይደለም፤ ስለ እርሱ ብዙ ተጽፏል፣ ብዙም ተነግሯል። የዛሬው ጉዳያችን ከዝናብ፣ ከፀሐይና ከአቧራ ይጠበቅልን ብለን በንብረታችን ላይ ስለምንጥለው ሸራ፣ ላስቲክና ጣራ ነው። (በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ሒጅራ ካልተባለ በስተቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ ቀላል ይመስላል። ግን እንደሚታወቀው በላሊበላና በዙሪያዋ ባለው የላስታ ምድር የብዙ ቤተሰብ እንጀራ ከእንግዳ ጋር የተሳሰረ ነው። በ2020 ኮቪድ መጣና እንግዳው ቀረ። በ2021 ጦርነቱ ከተማዋ ድረስ ገባ። በ2023 ነሐሴ ደግሞ ሌላ ግጭት ተነሳ። በእነዚህ ዓመታት እንግዳ ሲያመላልስ የነበረ ሚኒባስና ላንድክሩዘር ግቢ ውስጥ ቆሞ ከረመ። ባለቤቱም ያደረገው ሁላችንም የምናደርገውን ነው፤ «እስኪያልፍ ድረስ» ብሎ ሸራ ጣለበት፣ ዙሪያውን በገመድ ጠፍሮ አሰረ፣ ከዚያ ወደ ሌላ ጭንቀቱ ዞረ።

እስኪያልፍ ድረስ የተባለው ጊዜ ሳያልፍ ሁለት ክረምት አለፈ። ሸራው ሲገለጥ የሚታየውን የጋራዥ ሠራተኞች በደንብ ያውቁታል። የጣራው ጨርቅ ሻግቷል። ቀለሙ በማዕዘኑ በማዕዘኑ ተፍቋል፣ በኮፈኑ ላይ ደግሞ አረፋ አውጥቷል። የበሩ ሥር ዝጓል። አይጥ በሞተሩ ውስጥ ጎጆ ሠርታ ሽቦውን በልታለች። ዝናብ ጠብታ ሳይነካው በስብሷል ማለት ነው። ያ መኪና ወንድማማቾች አዋጥተው የገዙት፣ ልጆች የሚማሩበት፣ እናት የምትታከምበት ሀብት ነበር።

ታዲያ ጥፋቱ የሸራው ነውን? እስቲ ከቤታችን ድስት እንጀምር። ወጥ ጣድ አድርገን ስንከድነው ክዳኑ ከውስጥ በኩል ያልበዋል። ውጭ አንዲት ጠብታ የለችም፤ ውሃው የመጣው ከድስቱ ከራሱ ነው። ላስቲክ የለበሰ መኪናም እንዲሁ ነው። ቀን ፀሐይ ሲያሞቀው ከመሬቱ፣ ከወንበሩ፣ ከምንጣፉ እርጥበት በእንፋሎት ይነሳል። ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናትና ማታ ብርዱ ጠንካራ ነው። ላስቲኩ ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ ወደ ውሃነት ተመልሶ በብረቱ ላይ ይንጠባጠባል። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ፣ በየሌሊቱ ትንሽ ትንሽ። ከላይ የሚመጣውን ውሃ የከለከለው ሽፋን ከሥር የሚነሳውን መውጫ ነሣው።

ይህን ያነሣነው ስለ መኪና ብቻ ብለን አይደለም። በዚህችው ከተማ ውስጥ ዓለም ሁሉ የሚያውቀው፣ ብዙ ገንዘብ የወጣበት፣ ብዙ የተከራከሩበት ሌላ ሽፋን አለ። ይኸውም ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን በሚሳለሙባቸው ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ላይ የተተከለው መጠለያ ነው። ጉዳዩ የእነርሱ የእምነት ቦታ ጉዳይ ነው፤ ቢሆንም እኛም የከተማዋ ልጆች ነን፣ ሱቁም፣ መኪናውም፣ ምግብ ቤቱም የሚኖረው እነርሱ ሲቆሙ ነውና ልንማርበት ይገባል።

ከአንድ አለት የተፈለፈሉት 11ዱ አብያተ ክርስቲያናት በ1978 ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ብሎ ከመዘገባቸው ከመጀመሪያዎቹ 12 ቅርሶች መካከል ናቸው። አለቱ ከእሳተ ገሞራ የተገኘ፣ ቀላ ያለ፣ ቀዳዳ የበዛበት ድንጋይ ነው። ለመፈልፈል ያመቸው ይኸው ለስላሳነቱ ነው፤ የጎዳውም እርሱ ነው። በክረምት ውሃ ይጠጣል፣ በበጋ ይደርቃል። ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ይህ ለስምንት መቶ ዓመታት ሲደጋገም ጣራው ተሰነጣጠቀ፣ ግድግዳው ተላጠ።

የመጀመሪያው የዘመናችን መፍትሔ ምን ነበር? በ1954 አካባቢ በተደረገ ጥገና ጣራውና ግድግዳው ሬንጅ ተቀባ፣ በላዩም ቀይ ቀለም ተደረገበት። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም፤ ውሃ የሚገባበትን ቀዳዳ መድፈን ነው። ነገር ግን አለት ሙሉ በሙሉ አይደፈንም። ውሃ በአንድ ስንጥቅ ገብቶ፣ ከመሬትም ተስቦ ወጥቶ፣ ሬንጁ ሥር ሲደርስ መውጫ ያጣል። በ1960ዎቹ መጨረሻ ሳንድሮ አንጀሊኒ የተባሉ ጣሊያናዊ አርክቴክት የመሩት ቡድን መጥቶ ከሠራው ሥራ አንዱ ይህንኑ ቅብ መላጥ ነበር። አስቡት፤ ትውልድ ሳይቀየር፣ በአሥር በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ፣ አንዱ ጠባቂ የለበጠውን ሌላው ጠባቂ ሲፍቅ። ተለጥፎ የሚቀር ሽፋን ከሁሉ የከፋው ነው፤ ሲያነሡት የሚሸፍነውን ነገር ቆዳ ይዞ ይነሣል።

ከዚያ በኋላ ሰው ተማረ። ሽፋን ሳይነካ ከላይ ይቁም ተባለ። መጀመሪያ በአንዳንዶቹ ላይ በመወጣጫ ላይ የቆመ የቆርቆሮ ጣራ ተሠራ። መልኩ አያምርም ነበር፤ ጎብኚ ሁሉ ሲያማርረው ኖሯል። ግን ዝናቡን ከልክሏል። ቀጥሎ የአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ መድቦ፣ የንድፍ ውድድር ተደርጎ፣ በ2008 ዛሬ የምናውቃቸው ትላልቅ መጠለያዎች ተተከሉ። አራት መጠለያዎች አምስት አብያተ ክርስቲያናትን ሸፈኑ፤ ቤተ መድኃኔዓለምን፣ ቤተ ማርያምን ከቤተ መስቀል ጋር፣ ቤተ አማኑኤልንና ቤተ አባ ሊባኖስን። ዓለም በፎቶግራፍ የሚያውቀው ቤተ ጊዮርጊስ ሳይሸፈን ቀረ።

በሥራው ረገድ ከሬንጁ ጋር አይወዳደርም። ጎኑ ክፍት ነው፣ ነፋስ ያልፋል። አለቱን አይነካውም። የተሠራውም ሲፈለግ ተነቅሎ እንዲነሣ ሆኖ ነው። ስሙም ከመጀመሪያው «ጊዜያዊ» ነበር።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። እኛ መምህራን ይህን ቃል እናውቀዋለን። «ጊዜያዊ መማሪያ ክፍል» ተብሎ በእንጨትና በጭቃ የቆመ ቤት ውስጥ የተማረ ልጅ አድጎ፣ መምህር ሆኖ፣ እዚያው ክፍል ውስጥ ሲያስተምር አይተናል። በአገራችን ጊዜያዊ ማለት ብዙ ጊዜ ማብቂያው ያልተጻፈ ማለት ነው።

መጠለያዎቹም እንዲሁ ሆኑ። እስኪጠገኑ ድረስ የተባለላቸው ጊዜ አለፈ፤ ጥገናው ግን በሚፈለገው ፍጥነት አልሄደም። በ2018 የከተማዋ ነዋሪ አደባባይ ወጥቶ ድምፁን አሰማ። ስጋቱ ምን ነበር? አንደኛ ክብደቱ ነው። ግዙፍ ምሶሶና ጣራ በነፋስ ሲወዛወዝ ከሥሩ ያለው አለት ምን ይሆናል? ቢወድቅስ? ሁለተኛው ደግሞ ብዙዎችን ያስገረመ ነው፤ ዝናብ የተከለከለው አለት ከመጠን በላይ እየደረቀ ይሰነጠቃል የሚል። ለዘመናት ክረምትና በጋ ሲፈራረቁበት የኖረ ድንጋይ በአንድ ጊዜ የዓመቱ ዑደት ተቋረጠበት ማለት ነው። በመጋቢት 2019 የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ኢማኑኤል ማክሮን ከጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ጋር ላሊበላ ድረስ መጥተው አገራቸው በጥገናው እንደምታግዝ ተናገሩ። ከዚያ የመጡትን ዓመታት ከላይ አንስተናል፤ ወረርሽኝና ጦርነት ለማንም ሥራ አልተመቹም።

እኛ በበኩላችን መጠለያዎቹን ለመኮነን አንቸኩልም። ከ2008 ወዲህ የዘነበውን ክረምት ሁሉ የተሰነጠቀ ጣራ ባዶውን ቢቀበለው ኖሮ ዛሬ የምንናገረው ሌላ ይሆን ነበር። ችግሩ ከጨርቁም ከብረቱም ይልቅ ሌላ ቦታ ነው። ሲተከል ማን እንደሚተክለው፣ በስንት ገንዘብ፣ በየትኛው ንድፍ፣ ሁሉም በዝርዝር ታወቀ። በየትኛው ዓመት፣ በማን እጅ፣ በማን ወጪ እንደሚነሣ ግን በዚያው ልክ አልታወቀም። መትከል ድግስ አለው፣ ሪባን ይቆረጥበታል። መንቀል ድግስ የለውም።

መጠለያ ሳይኖር መጠገን እንደሚቻልም እዚያው ላሊበላ ታይቷል። ወርልድ ሞኑመንትስ ፈንድ የተባለው ድርጅት በ2010ሮቹ በቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ላይ ሲሠራ መንገዱ ሌላ ነበር። ስንጥቁን ከአለቱ ጋር በሚስማማ የኖራ ቡኮ መሙላት፣ ጣራው ላይ ውሃ እንዳያቁር መፍሰሻውን ማስተካከል፣ ሥራውንም የአካባቢው ሰዎች እንዲማሩት ማድረግ። ኖራ እንደ ሬንጅ አያፍንም፤ ያስተነፍሳል። ይህ ሥራ ግን በየጊዜው መታየትና መታደስ ይፈልጋል። በየዓመቱ ከክረምት በፊት ጣራ ላይ ወጥቶ ስንጥቅ የሚቆጥር ሰው ይፈልጋል።

ገበሬው ይህን ከእኛ በፊት ያውቀዋል። የላስታ ገበሬ ገብሱን አጭዶ ሲከምር ዛላውን ወደ ውስጥ፣ አገዳውን ወደ ውጭ አድርጎ፣ ጫፉን አሹሎ ነው። ውሃው በአገዳው ላይ ተንሸራቶ ይወርዳል፣ ነፋሱ በመካከሉ ያልፋል። ላስቲክ ቢያለብሰው ግን ውስጡ ግሎ ይሻግታል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ክምሩ የሚፈርስበት ጊዜ አለው፤ ውቂያ ሲደርስ ይፈርሳል። ክምር ለሁለት ዓመት ቆሞ ያየ የለም።

እኛ ሙስሊሞች ደግሞ ቀን ያለው ሽፋን ለማየት ሩቅ አንሄድም፤ በቀን አምስት ጊዜ ፊታችንን ወደ እርሱ እናዞራለን። የካዕባ ልብስ ኪስዋ የሚለብሰው ለክብር እንጂ ለዝናብ አይደለም። ሆኖም አያያዙ ለነገራችን ይጠቅማል። ቀድሞ ልብሱ በልብስ ላይ ይደረብ ነበር፤ አሮጌው ሳይወርድ አዲሱ ይጨመራል። ታሪክ ጸሐፊዎች እንደዘገቡት በሒጅራ 160፣ በ777 ማለት ነው፣ የዐባሲያው ኸሊፋ አል-መህዲ ለሐጅ መካ በገቡ ጊዜ የልብሱ ክምር ቤቱን እየከበደው መሆኑና እንዳይጎዳው የሚያሰጋ መሆኑ ተነገራቸው። እርሳቸውም ሁሉም ይውረድ፣ ከእንግዲህ አንድ ልብስ ብቻ ይሁን ብለው አዘዙ። ከፍቅርና ከአክብሮት የተደረበ ጨርቅ እንኳ ግድግዳ ሊጎዳ ይችላል ማለት ነው።

ዛሬ ኪስዋ በየዓመቱ ይቀየራል። ቀድሞ በዙልሂጃ 9ኛው ቀን፣ ሐጃጆች ዐረፋ ላይ ሳሉ ነበር፤ ከ2022 ጀምሮ በሙሐረም 1 ቀን ሆኗል። ቁመቱ 14 ሜትር ነው። ለሥራው ብቻ መካ ውስጥ የቆመ ፋብሪካ አለ። አዲሱ ከላይ ተንጠልጥሎ ሲወርድ አሮጌው ከሥሩ ይፈታል፣ በአንድ ጎን ከዚያም በሌላው፣ ቤቱ ለአፍታም ሳይራቆት። በሐጅ ወቅት ደግሞ የታችኛው ጠርዝ ሦስት ሜትር ያህል ወደ ላይ ተሰብስቦ በነጭ ጨርቅ ይተካል፤ የሰው ብዛት እንዳይጎዳው ነው። የሚለበስበት ቀን ታውቋል፣ የሚወልቅበት ቀን ታውቋል፣ የሚያወልቀው ሰው ታውቋል።

ይህን ይዘን ወደ ግቢያችን እንመለስ። ሸራ ልታለብሱ የምታስቡ ወንድሞችና እኅቶች፣ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፤ መኪናው በእርግጥ ሸራ ያስፈልገዋል ወይ? አቅም ካለ በአራት ቋሚ ላይ የቆመ፣ ጎኑ ክፍት የሆነ የቆርቆሮ ዳስ ከማንኛውም ሸራ ይሻላል። ዝናቡንና ፀሐዩን ይከለክላል፣ ነፋሱን ይለቃል፣ ቀለሙን አይነካም። የላስታ ነፋስ ቆርቆሮ ይገነጥላልና ቋሚው ጠልቆ ይተከል።

ሸራ ግድ ከሆነ መኪናውን አስቀድሞ ማጠብ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው «የሚሸፈን መኪና ምን ይታጠባል» ይላል፤ ተገላቢጦሽ ነው። የበጋው አቧራ በሸራውና በቀለሙ መካከል ከቀረ ነፋስ ሸራውን በነቀነቀው ቁጥር እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል። ከታጠበ በኋላ በሩ ተከፍቶ አንድ ሙሉ ቀን ፀሐይ ይምታው፤ ምንጣፉ ወጥቶ ይሰጣ። እርጥብ መኪና መሸፈን ከነጭራሹ አለመሸፈን ይብሳል። የባትሪው ገመድ ይነቀል። ለረጅም ጊዜ የሚቆም ከሆነ በክሪክ ተነሥቶ በድንጋይ ላይ ቢቀመጥ ጎማው አይበላሽም።

የሸራው ዓይነት ላይ ገንዘብ መቆጠብ አይገባም። ርካሹ ላስቲክ አይተነፍስም፤ ደግሞም በዚህ ከፍታ ፀሐዩ ኃይለኛ ነውና በጥቂት ወራት ደርቆ ይበጣጠሳል። የጥጥ ሸራ ይሻላል፣ ቢከብድም። በአሜሪካና በአውሮፓ ለሽርሽር ከመኪና ኋላ የሚጎተቱ፣ ውስጣቸው መኝታና ማብሰያ ያላቸው ትንንሽ ተሳቢዎች አሉ፤ ካራቫን ይሏቸዋል። ከ1930ዎቹ ጀምሮ የተለመደችው በጣም ትንሿ ቅርጿ የእንባ ጠብታ ይመስላል። በበረዶው ወራት ስለማይጓዙባቸው ሸፍነው ያቆሟቸዋል። ላስቲክ ያለበሰ ሰው በረዶው ሲያልፍ ፍራሹን ሻግቶ ያገኘዋል። ስለዚህ ለእነርሱ ተብሎ የሚሠራው ሽፋን ውሃ የሚያንሸራትት ግን እንፋሎት የሚያሳልፍ ባለ ብዙ ድርብ ጨርቅ ነው፤ በጎኑ ነፋስ ማስገቢያ አለው፣ በሩ ባለበት በኩልም ዚፕ ይደረግለታል፤ ሽፋኑ ሳይወልቅ ገብቶ ለማየት። ይህን የመጨረሻውን ልብ በሉልን። የኛ ልብስ ሰፊ ለሸራ ዚፕ መግጠም አያቅተውም፤ ሁለት ክንድ ዚፕ ብቻ ነው የሚፈልገው።

ሹል ሹሉ ቦታ፣ ስፖኪዮው፣ አንቴናው፣ የፓራውልቱ ጫፍ፣ በአሮጌ ብርድ ልብስ ይጠቅለል። ጣራው ላይ በጨርቅ የተጠቀለለ ረጅም እንጨት ቁመቱን ተከትሎ ይጋደም፣ ሸራው እንደ ቤት ክዳን ወደ ሁለት ጎን እንዲያዘነብልና ውሃ እንዳያቁር። ማሰሪያው በመኪናው ሆድ ሥር ይለፍ፤ ከአሮጌ ካላማዳሪ የተቆረጠ ማሰሪያ ከሲባጎ ይሻላል፣ ነፋስ ሲመጣ ይለጠጣል እንጂ አይበጥስም፣ አይፍቅም። ሸራው መሬት ድረስ አይድረስ። ከሥር ስንዝር ያህል ክፍተት ይቅር፤ አየሩ በዚያ ይገባል፣ አይጥም ጨለማውንና ሙቀቱን ካጣች ለጎጆ አትመርጠውም።

ከዚያ ደግሞ የቀን ጉዳይ ነው። ማታ ማታ ዕቃችንን ቢስሚላህ ብለን መክደንን ልጆቻችንን እናስተምራለን፤ ያ ክዳን ግን ጠዋት ይነሣል። ለሸራውም ጠዋት እናብጅለት። በበጋ በየሁለት ሳምንቱ አንድ ቀን፣ በክረምት ደግሞ ዝናቡ ገለጥ ባለበት ጠዋት ሁሉ፣ ሸራው ይገለጥ፣ በሩ ይከፈት፣ ሞተሩ ይነሣ። ይህን ሥራ «ማንም ያየዋል» ከተባለ ማንም አያየውም። ከቤቱ ልጆች ለአንዱ ይሰጥ፤ ቀኑ በግድግዳው ካላንደር ላይ በስሙ ይጻፍ። የ15 ዓመት ልጅ ይህን አማና በደንብ ይወጣል፣ ሞተር ማስነሣት ከፈቀዱለትማ ቀኑን እርሱ ራሱ ያስታውሳችኋል።

መስቀል ወፍ ስትታይ፣ መስከረም ሲጠባ፣ ሸራው ሙሉ በሙሉ ይውረድ። ታጥቦ ሁለት ቀን በገመድ ላይ ይስጣ። እርጥብ ሸራ ታጥፎ ከተቀመጠ በራሱ ይበሰብሳልና ጠርዙ ድረስ መድረቁ በእጅ ተዳስሶ ይረጋገጥ። ከታጠፈ በኋላ ከመሬት ከፍ ባለ ቦታ፣ ከበርበሬና ከእህል ራቅ ብሎ ይቀመጥ። ቀዳዳ ካለው የሚደፈነው ያኔውኑ ነው፤ ሰኔ ላይ ልብስ ሰፊው ጊዜ የለውም።